አይብን የሚያረጋው እሳቱ አይደለም

አሬራ ሲጣድ አይብ ይወጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ምስጋናውን ለእሳቱ ይሰጣል። ዋናው ሥራ ግን ያለቀው ቀደም ብሎ፣ ወተቱ ሲረጋ ነው። እሳቱ ያፋጥናል እንጂ አይፈጥርም።

ነገሩ ከስኳር ይጀምራል። ከላም ወተት 5 በመቶ ገደማው ላክቶስ ነው፤ ግሉኮስና ጋላክቶስ ተያይዘው የሠሩት ስኳር። የእርጎ ባክቴሪያዎች ላክቶሱን ሰንጥቀው ወደ ላክቲክ አሲድ ይቀይሩታል። ሁሉንም ግን አይጨርሱትም፤ ያመረቱት አሲድ መልሶ እነሱኑ ያዳክማቸዋል። በዚህ መሀል ወተቱ ትኩስ ሳለ 6.7 አካባቢ የነበረው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ወደ 4.6 ይወርዳል።

ይህች 4.6 ናት ቁልፏ። ከወተት ፕሮቲን 80 በመቶ የሚሆነው ኬሲን ነው፤ ቀሪው የአጓት ፕሮቲን ይባላል። እንደማንኛውም ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ ከእነዚህም ግሉታሚክና አስፓርቲክ አሲድ ኔጋቲቭ፣ ላይሲንና አርጂኒን ደግሞ ፖዚቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ። ኬሲን በዚያ ላይ ሴሪን የተባሉት አሚኖ አሲዶቹ ኔጋቲቭ የሆነ ፎስፌት ስለተሸከሙ በትኩስ ወተት ውስጥ ኔጋቲቩ ያመዝናል፤ ኬሲኑ የተሰባሰበባቸው ጥቃቅን እንክብሎች ይገፋፋሉ፣ ሳይጣበቁም ይንሳፈፋሉ። አሲድ ሲበዛ ኔጋቲቩ ይከስማል፣ እንክብሉን ያሰረው ካልሲየም ፎስፌትም ይሟሟል። ፒኤች 4.6 ላይ ሁለቱ ቻርጆች ይተካከላሉ። የሚገፋ ነገር ስለሌለ ኬሲኑ ይጣበቃል።

አሠራሩም ከዚህ ይከተላል። 2 ሊትር አሬራ በሰፊ ድስት ጥዶ በለስላሳ እሳት እስከ 50 ዲግሪ ማሞቅ፤ እንዳያማስሉት። ቢጫ አረንጓዴ አጓት ጥርት ብሎ ሲለይ ማውረድ፣ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ ሻሽ ማጥለል። ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ገደማ አይብ ይገኛል።

አጓቱ ነጭ ሆኖ ከቀረ አሬራው በቂ አልኮመጠጠም፤ መፍትሔው ተጨማሪ ቀን እንጂ ተጨማሪ እሳት አይደለም። አይቡ እንደ አሸዋ ከሻከረ ሙቀቱ በዝቷል ወይም ተማስሏል፤ የተጣበቀው ፕሮቲን ሲጠብቅ የያዘውን ውሃ ጨምቆ ያስወጣል። አሜሪካ ያሉ ብዙዎች የሱቅ በተርሚልክ ይጠቀማሉ፤ ቀድሞ ስለኮመጠጠ ይሠራል። ስታርች የተጨመረበት ግን ውሃውን ስለሚይዝ ባይገዛ ይሻላል።

ትኩስ ወተት አፍልቶ ሎሚ መጨመር ሌላ ነገር ነው። ከ70 ዲግሪ በላይ የአጓት ፕሮቲኖች ተጣጥፈው ከኖሩበት ቅርጽ ይፈታሉ፣ ከኬሲኑም ጋር ይጣበቃሉ። ምርቱ ይጨምራል፤ ለእኔ ግን የአይብ ጣዕም የለውም።

በተለመደው አሠራር እነዚያ ፕሮቲኖች ካልተበላው ላክቶስ ጋር አጓቱ ውስጥ ይቀራሉ። ጂም የሚሄዱ ሰዎች በውድ የሚገዙት የዌይ ፕሮቲን ዱቄት መነሻውም አጓት ነው። አንድ ሊትር አጓት ውስጥ ግን ያለው ፕሮቲን ከ10 ግራም አይበልጥም፤ ዱቄቱ ያን ያህል የሚወደደውም ውሃውን አስወግዶ ፕሮቲኑን ለብቻው መለየት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ነው።