ከውስጥ በኩል

በእንስሳት ሕክምና ረዳትነት ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር፣ አንዲት ጥገት ላም እኔ በጻፍኩት ማስታወሻ ምክንያት ሁለት ቀን ያለ አግባብ ተሠቃየች። ማስታወሻው አምስት ቃል ብቻ ነበር፦ «የኋላ ቀኝ እግር፣ ከውስጥ በኩል»። የፊደሎቹ አጣጣል ሳይቀር እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ላሟ ማንከስ ከጀመረች ሰንብታለች። ስትቆም የኋላ ቀኝ እግሯን ወደ ጎን ፈንጠር ታደርግና ክብደቷን በሌሎቹ ላይ ታሳርፋለች፤ ስትራመድ ጀርባዋ ይጎብጣል። አመሻሽ ላይ ወደ ማሰሪያው አስገባናትና ዶክተር እግሯን አንስተው በገመድ አሰሩት። መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። የላም ሰኮና ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ እያንዳንዱን ግማሽ በሥራ ላይ ጥፍር እንለዋለን። ዶክተር ሁለቱንም ጥፍሮች አጥበው መርገጫቸውን በሰኮና ቢላ ስስ አድርገው ከፋቁ በኋላ፣ መቆንጠጫውን አንስተው ቦታ በቦታ ይጫኑ ጀመር። አንደኛውን ጥፍር ሲጫኑት ላሟ ዝም አለች። በሌላኛው ላይ፣ ከተረከዙ አለፍ ብሎ ወደ ስንጥቁ የተጠጋውን ቦታ ሲነኩት ግን እግሯን በኃይል ነጠቀች። ትንሽ ቆይተው ደገሙት፤ አሁንም እዚያው ላይ ነጠቀች። ቁስሉ ገና አልተከፈተም። በዓይን የሚታየው ቀላ ያለ ጥላ ብቻ ነው፤ እሱም በመብራት ካልሆነ አይለይም።

ሕክምናው ግልጽ ነበር። ጤነኛው ጥፍር ሥር ወፍራም የእንጨት ቁራጭ፣ ማለትም ብሎክ፣ በሙጫ ይለጠፋል። ያኔ ላሟ በጤነኛው ላይ ትቆማለች፣ የታመመው ከመሬት ከፍ ብሎ ያርፋል። ብሎኩ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። የዚያን ዕለት ሙጫው አልቆ ስለነበር ሥራው ለማግሥቱ አደረ፤ በማግሥቱ ደግሞ ተረኛው ባልደረባዬ ነው። ዶክተር እጃቸውን እየታጠቡ «ለእሱ በደንብ ጻፍለት» አሉኝ።

በላሟ የሕክምና ካርድ ላይ ጻፍኩ። ቦታውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ መብራቱን ያበራሁበት እኔው ነኝ፤ «ከውስጥ በኩል» የሚለው ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ ለአፍታ እንኳ አልጠረጠርኩም።

ባልደረባዬ በማግሥቱ ካርዱን አነበበ። ለእሱ የእግር ውስጥ ማለት ወደ ሌላኛው እግር የሚያየው ወገን ነው። ስለዚህ የታመመው የውስጠኛው ጥፍር ነው ብሎ ተረዳና ብሎኩን በውጨኛው ላይ ለጠፈው። በመቆንጠጫ ሊያረጋግጥ ሞክሮ እንደነበር በኋላ ነግሮኛል፤ ላሟ ግን እየተራገጠች አላስጠጋ ስላለችው የእኔን ጽሑፍ አምኖ ሠራ። እኔ ደግሞ «ውስጥ» ያልኩት ወደ ስንጥቁ የሚያየውን ወገን ነበር። የታመመው የውጨኛው ጥፍር ነው፣ ሕመሙ ያለው በዚያ ጥፍር ውስጠኛ ጎን ላይ። ላሟ እንግዲህ ሊያርፍ በሚገባው ጥፍሯ ላይ፣ ያውም ከሥሩ እንጨት ተለጥፎበት፣ ክብደቷን ተሸክማ ቆመች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠባቂዋ መጡ። «ትናንትና ከትናንት ወዲያ ስታነክስ ሰንብታ ዛሬ ጭራሽ አልነሣም አለች» አሉን። ብሎኩ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ እንደባሰባት አይተው ነበር፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ነው ብለው ታግሠዋል። ይህ ንግግራቸው ከሁሉም በላይ አሳዘነኝ። ብሎክ በትክክለኛው ጥፍር ላይ ከዋለ ላሟ እዚያው በዚያው፣ ከማሰሪያው ስትወጣ፣ አረማመዷ ሻል ማለት አለበት። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይጠሩን ነበር።

ዶክተር እግሯን አንስተው አዩ፤ ምንም አልተናገሩም። ብሎኩን አላቀው መርገጫውን በቢላ ቀስ እያሉ ሲያሳሱት የሳንቲም ያህል ክብ ቦታ ተከፈተና ከሥሩ ቀይ ሥጋ ወጣ። ይህ ቁስል ቦታውን የሚመርጥበት ምክንያት አለው። ከሰኮናው ውስጥ ያለው የመጨረሻው የጣት አጥንት ወደ ኋላው ጫፍ ጉብታ አለው፤ ጅማት የሚያያዘው እዚያ ላይ ነው። አጥንቱ ወደ ታች ሲሰምጥ ያ ጉብታ በራሱና በመርገጫው መካከል ያለውን ሕያው ሥጋ ይጨፈልቀዋል። ከተስተካከለ ሰኮና በታች ያለው መከላከያ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በኋላ እግር ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የውጨኛው ጥፍር ነው፤ የእኛም ላም ከዚህ አልወጣችም።

ብሎኩ በትክክለኛው ጥፍር ላይ ተለጥፎ ላሟ ከተለቀቀች በኋላ ዶክተር ካርዱን ጠየቁኝ። አነበቡትና ቀና አሉ።

«ከውስጥ ስትል፣ ከምን ውስጥ?»

መልስ አልነበረኝም። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ለከብት ምልክት ማድረጊያ የምንጠቀምበትን ሰማያዊ ቀለም አንስተው ሌላ የታሰረች ላም ዘንድ ወሰዱኝ። በጀርባዋ ላይ ከትከሻዋ እስከ ጅራቷ ግንድ አንድ መሥመር አሰመሩ። ከዚያ ጎንበስ አሉና በሰኮናዋ ስንጥቅ ላይ፣ በሁለቱ ጥፍሮች መካከል፣ ሁለተኛ መሥመር አደረጉ።

«ሁለት መሐል አለ» አሉኝ። «አንዱ የገላዋ መሐል ነው። ወደ እሱ የቀረበው ሚዲያል፣ ከእሱ የራቀው ላተራል ይባላል። ሁለተኛው የእግሯ መሐል ነው። ወደዚህ ስንጥቅ የሚያየው ገጽ አክሲያል፣ ወደ ውጭ የሚያየው አብአክሲያል። አሁን የሚዲያሉን ጥፍር አክሲያል ገጽ በጣትህ ንካው።»

ነካሁት። ጣቴ ያረፈበት ገጽ ወደ ውጭ፣ ከገላዋ በሚርቀው አቅጣጫ ያያል። «የውስጠኛው ጥፍር ውስጠኛ ገጽ» ፊቱ ወደ ውጭ ነው። እነዚያን አራት ቃላት በትምህርት ቤት ሸምድጄ ፈተና አልፌባቸዋለሁ፤ የገቡኝ ግን ያን ጊዜ፣ ጣቴ ሰማያዊውን ቀለም እንደነካ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቃላቱን የማጠናበትን መንገድ ለወጥኩ። ከደብተር ይልቅ በእንስሳቱ ገላ ላይ፣ እየነካሁና ድምፅ አውጥቼ እየጠራሁ ማጥናት ጀመርኩ። አብዛኞቹ ከላቲን የመጡ ናቸው፣ የመጡበትን ሥር ካወቁት ቃሉ ራሱ ቦታውን ይጠቁማል። ኮዳል ከጅራት፣ ክራኒያል ከራስ ቅል፣ ዶርሳል ከጀርባ፣ ቬንትራል ከሆድ። ወደ ጅራት፣ ወደ ራስ፣ ወደ ጀርባ፣ ወደ ሆድ። ጭንቅላት ላይ ስንደርስ ግን ክራኒያል ትርጉም ያጣል፤ ራሱ ላይ ሆኖ ወደ ራስ ማለት አይቻልምና። እዚያ ሮስትራል እንላለን፣ ወደ አፍንጫ ጫፍ። ፕሮክሲማልና ዲስታል ቀላል ናቸው፦ በእግር ላይ ለገላ የቀረበውና ከገላ የራቀው።

የከበደኝ ዶርሳል ነው። ጀርባ ማለት ነው ብዬ ስለያዝኩት፣ በሰኮና ላይ የፊት ግድግዳው ዶርሳል መባሉን አእምሮዬ እንቢ አለው። የረዳኝ የራሴን እጅ ማየቴ ነው። መዳፌን መሬት ላይ ሳሳርፍ ወደ ላይና ወደ ፊት የሚያየው የእጄ ጀርባ ነው፤ ላሟም የቆመችው እንዲያ ነው። ስለዚህ ከፊት እግሯ የታችኛው ክፍል ወደ ኋላ የሚያየው ገጽ፣ ከመዳፍ በመጣ ቃል፣ ፓልማር ይባላል። በኋላ እግሯ ላይ ደግሞ፣ ከእግር መርገጫ በመጣ ቃል፣ ፕላንታር። አንድ ሰው ፕላንታር ብሎ ከጻፈልኝ የትኛውን እግር ማለቱ እንደሆነ ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤ የኋላ ነው።

ጉልበት የሚለው ቃልም እንዲሁ አስቸግሮኛል። ሁላችንም የላምና የፈረስ የፊት እግር መታጠፊያ ጉልበት እንላለን። ያ መገጣጠሚያ ግን ካርፐስ ነው፣ በሰው የእጅ አንጓ። እውነተኛው ጉልበት ያለው በኋላ እግር ላይ፣ ከፍ ብሎ ሆዱ ሥር ነው፤ ከእሱ በታች ወደ ኋላ የሾለው መታጠፊያ ደግሞ ታርሰስ፣ ማለትም ቁርጭምጭሚት ነው። ባለቤቱ «ጉልበቱ አብጧል» ሲሉኝ ዛሬ ቃላቸውን አላርምም። አጠገባቸው ቆሜ «እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» እላለሁ፣ ካርዱ ላይ የምጽፈው ግን እጃቸው ያረፈበትን ነው።

ለምን በራሳችን ቃል አንጽፍም የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እኔም ጠይቄዋለሁ። ላይ፣ ታች፣ ፊት፣ ኋላ ንጹሕ ቃላት ናቸው፤ ችግሩ ከተናጋሪው አቋምና ከእንስሳው አኳኋን ጋር አብረው መዞራቸው ነው። ላም ለቀዶ ሕክምና በጀርባዋ ስትተኛ ሆዷ ላይ ይሆናል። ቬንትራል ግን ቆመችም ተኛችም ቬንትራል ነው። ግራና ቀኝም ሁልጊዜ የእንስሳው እንጂ የእኛ አይደሉም። ጡቷ ከታመመ ላም ፊት ለፊት ቆሞ የሚጽፍ ሰው ይህን ከዘነጋ፣ መድኃኒቱ የሚገባው ጤነኛው የጡት ሩብ ውስጥ ነው። ከሰው ሕክምና የመጡ ቃላትም ያሳስታሉ። በቆመ ሰው አንቲሪየር ማለት ወደ ሆድ ነው፤ በአራት እግሩ በቆመ እንስሳ ላይ ወደ ፊት ከተባለ ግን ወደ ራስ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በእንስሳት ላይ ከዓይንና ከመሳሰሉት ጥቂት ቦታዎች በቀር አንጠቀምበትም። ዓለም አቀፉ የእንስሳት አናቶሚ ስያሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1968 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታትሞ ሲወጣ፣ ከየአገሩ ለመጡ ባለሙያዎች አንድን ቦታ በአንድ ስም ለመጥራት መሠረት ሆነ።

የበሽታ ስሞችንም በዚያው ሰሞን መፈታታት ጀመርኩ። በዚያች ላም ካርድ ላይ ዶክተር የጻፉት ረጅም ስም ፖዶደርማታይተስ ሰርከምስክሪፕታ ነበር። ፖዶ እግር፣ ደርማ ቆዳ፣ አይተስ ብግነት፣ የመጨረሻው ቃል ደግሞ በአንድ ቦታ የተከለለ ማለት ነው። የሳንቲም ያህሉ ክብ ቁስል ስሙ ውስጥ ተሥሎ ተቀምጧል። ሃይፖና ሃይፐር ግን ዛሬም ሁለት ጊዜ ሳላያቸው አላልፍም፤ በአንድ ድምፅ ልዩነት የካልሲየም ማነስ የካልሲየም መብዛት ይሆናል፣ ለአንዱ የሚሰጠው መርፌ ለሌላው አደጋ ነው።

ላሟ በዚያኑ ሳምንት እግሯን መርገጥ ጀመረች። ጠባቂዋን ሄጄ ስሕተቱ ከእኔ ጽሑፍ እንደመጣ ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ፣ ከዚያ «ቀጥሎ ምን ምን እንዳይ ንገረኝ» አሉ። ነገርኳቸው፤ ከዚያ ወዲህም ብሎክ ለተደረገላት ላም ባለቤት ሁሉ ያንኑ እናገራለሁ፦ ዛሬ ማታ አረማመዷ ካልተሻሻለ ይደውሉልኝ።

ከወራት በኋላ ሌላ ላም፣ ሌላ ምሽት፣ ሙጫ ግን ነበረ፤ የጎደለው ጊዜ ነው። ካርዱ ላይ «የኋላ ግራ እግር፣ ላተራል ጥፍር፣ መርገጫው ከተረከዙ የሚገናኝበት፣ ወደ አክሲያል፤ ብሎክ በሚዲያሉ ላይ» ብዬ ጽፌ ወጣሁ። በማግሥቱ ጠዋት ባልደረባዬ ደወለልኝ። ከጀርባው የማሰሪያው ብረት ሲንኳኳ ይሰማል።

«መቆንጠጫውን አሳረፍኩት» አለኝ። «የጻፍከው ቦታ ላይ ነጠቀች።»