ካርቡራተሩን አትጣሉት
ዛሬ ጋራዥ የገባው አሮጌ ቮልስ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) አልይዝ ብሎ ነው። ያየው ሁሉ "ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ቀይሩት" ይላል። ኧረ ቀስ! ኦሪጅናሉ ሶሌክስ ካርቡራተር ብዙ ጊዜ የሚበላው የቢራቢሮው (የአየር መዝጊያና መክፈቻው) ዘንግ የሚዞርበት ቀዳዳ ላይ ነው፤ በክፍተቱ ትርፍ አየር ገብቶ ድብልቁን ያሳሳዋል። ዘንጉን በጣት ወዝውዙት። ከተንገዳገደ ቶርኖ ቤት ቀዳዳውን አስፍቶ የነሐስ ቦኮላ (ቀለበት) ያስገባለታል፣ አካሉ ያው የፋብሪካው ሆኖ ይቀጥላል።

ጄቶቹን (ቤንዚን የሚለኩትን ባለ ቀጭን ቀዳዳ ቁራጮች) በሽቦ መጎርጎር ክልክል! ቀዳዳው ከሰፋ ቤንዚን ይጠጣል፤ ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ይበቃል።

ደግሞ ካርቡራተር ከመንካት በፊት 1600 ሞተር ከሆነ በቀዝቃዛው የቫልቮላውን ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር፣ የፑንቲናውን (የማቀጣጠያውን መገናኛ ነጥብ) ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር አድርጋችሁ አስተካክሉ። ብዙው "የካርቡራተር ችግር" እዚያ ያልቃል። የካርቡራተሩን ጋርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ግን አዲስ አድርጉ፤ እሱ ላይ ኦሪጅናል አይባልም 😄