አብሽሪ፣ እሱን ጻፊው

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ከአንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ጋር የፌሎሺፕ ማመልከቻ ስንሞላ አመሸን። የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖታል፣ ቡናችን ሳንጠጣው ቀዝቅዟል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት (NIH) አካል የሆነው ፎጋርቲ ማዕከል ጀማሪ ተመራማሪዎችን ለ12 ወር ከአማካሪ ጋር ምርምር የሚያሠራበት ፕሮግራም አለው። በ1975 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስተናግደው ቲዲአር (TDR) የተባለ ፕሮግራምም በሐሩር በሽታዎች ምርምር ባለሙያ ያሠለጥናል።

«የምርምር ጥያቄሽ ምንድን ነው?» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እኔ ምን ጥያቄ አለኝ?» አለችኝ።

ትንሽ ቆይታ ስለ ሐርቡ ከተማ አወራችኝ። ወባ ታክመው ድነው፣ ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው የሚመጡ ሰዎች አሉ። የደም ናሙናው ስላይድ ላይ እንደገና ቫይቫክስ የሚባለውን የወባ ተውሳክ ታያለች። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል እኮ!

«አብሽሪ፣ እሱን ጻፊው» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሁለት ገጽ ሞላች። የድጋፍ ደብዳቤዋን ዛሬውኑ እጽፋለሁ።