የፈረንሳይ ባንክ ክፍያዎችን ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ

የፈረንሳይ ባንኮች በየጃንዋሪው ለደንበኞቻቸው ያለፈውን ዓመት ክፍያ ጠቅለል አድርገው ይልካሉ። ሕግ ነው። ከሊዮን ወደ ለንደን የተዛወረ ጓደኛዬ ያንን ወረቀት ላከልኝና «ትርጉም ጀምሬያለሁ ብለሽ የለ? በይ እስኪ ይቺን ወደ እንግሊዝኛ መልሺልኝ፣ ቤት የሚያከራየኝ ሰው ጠይቆኛል» አለኝ። አንድ ገጽ ናት። ከምሳ በፊት እገላገላታለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀችብኝ።

መጀመሪያ የጣለችኝ «ኮሚሲዮን ዳንተርቫንስዮን» ናት። እንዳለች «ኢንተርቬንሽን ኮሚሽን» ብዬ አስቀመጥኳት። ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ምንድን ነው ይሄ፣ ጣልቃ የሚገባ መሥሪያ ቤት?» እውነቱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂሳባችሁ ባዶ ነው እንበል፤ ከተፈቀደላችሁ ኦቨርድራፍትም (ሂሳባችሁ ከዜሮ በታች እንዲወርድ ባንኩ ከሚፈቅደው ገደብ) አልፋችኋል። በዚህ መሀል የስልክ ክፍያ ይመጣል። ባንኩ ይለፍ ወይስ ይመለስ ብሎ ያየዋል። ለማየቱ ያስከፍላል። በአንድ ጊዜ ቢበዛ 8 ዩሮ፣ በወር ቢበዛ 80 ዩሮ። ጣሪያው ከ2014 ጀምሮ በሕግ የተወሰነ ነው።

እንግሊዝኛው ላይ የተቸገርኩት ለዚህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለኦቨርድራፍት ቁርጥ ክፍያ መጠየቅ በ2020 ስለተከለከለ ልክክ የሚል አቻ የለም። የእንግሊዝ ባንኮች «ገንዘብ ሳይኖር ክፍያን ማሳለፍ» የሚሉት አላቸው፤ እሱ ግን የሚሠራው ክፍያው ካለፈ ብቻ ነው። በመጨረሻ «ኢሬጉላር ትራንዛክሽን ፕሮሰሲንግ ፊ» (ደንቡን ያልጠበቀ ክፍያ የማስተናገጃ ዋጋ) አልኩና የፈረንሳይኛውን ስም አጠገቡ ተውኩት። አያምርም፣ ግን አይዋሽም።

ሌሎቹ ቀለል ይሉ ነበር፣ ወጥመድ ግን አላጡም። «ፕሬሌቭማን» ሐኪም ቤት ደም መውሰድ ነው፤ ባንክ ቤት ዳይሬክት ዴቢት፣ ማለትም ድርጅቱ ራሱ ከሂሳባችሁ የሚወስደው ክፍያ። ሁለቱም ቦታ ከእናንተ ይቀዳል። ሂሳቡ ላይ ገንዘብ ጠፍቶ ዳይሬክት ዴቢቱ ሳይከፈል ሲመለስ የሚቆረጠውን (ቢበዛ 20 ዩሮ) ለእንግሊዝ አንባቢ «ሪተርንድ ዳይሬክት ዴቢት ፊ» አልኩት። ለአሜሪካ አንባቢ ቢሆን «ኤንኤስኤፍ ፊ» (የ«በቂ ገንዘብ የለም» ክፍያ) እል ነበር። «ኦፖዚስዮን»ን ሳይ ተቃዋሚ ፓርቲ ነው የመጣልኝ፤ ለካ ቼክ እንዳይከፈል ማስቆም ነው። «ኮቲዛስዮን» ደግሞ መዋጮ ነው፣ ልክ እንደ እድር። የካርዱን ዓመታዊ ክፍያ ነው እንዲህ የሚሉት። «ሜምበርሺፕ» ልል ትንሽ ቀረኝ።

«አዢዮ» ላይ ተጠንቀቁ። መንገድ ላይ ሰው ሂሳቡ ከዜሮ ሲወርድ የሚቆረጥበትን ሁሉ አዢዮ ይለዋል። ወረቀቱ ላይ ግን ከዜሮ በታች ለቆየባቸው ቀናት የሚታሰብ ወለድ ብቻ ነው። «ፊ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ተሳሳታችሁ፤ «ኢንተረስት» ነው።

አሁን ደብተሬን ቀይሬያለሁ። በፊት ግራ ፈረንሳይኛ፣ ቀኝ እንግሊዝኛ ነበር። አሁን መሀል ላይ «ምን ሲሆን ነው የሚቆረጠው?» የሚል ዓምድ አለ። እሱ ካልተሞላ ወደ ቀኝ አልሻገርም። እስካሁን 27 ቃል ደርሻለሁ። አራቱ ላይ አሁንም የጥያቄ ምልክት አለ።

ወረቀቱን ጨርሼ ስልክለት ጓደኛዬ ወዲያው ደወለ። ስለ ትርጉሙ አንድም ቃል አላነሳም።

«ቆይ፣ 11 ጊዜ 8 ዩሮ? 88 ዩሮ የወሰዱብኝ ለማየት ብቻ ነው?»