ጥር ነው ብዬ

ጥር ነው ብዬ ጃንጥላዬን ቤት ትቼ ወጣሁ። ከአራት ኪሎ በእግር፣ በሽሮ ሜዳ አድርገን እንጦጦ። ጓደኛዬ «ደመናው አላማረኝም» ስትል ሳቅሁባት። ማርያም ጋ (ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት) ስንደርስ ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ በረዶ! ባቄላ የሚያክል። ባህር ዛፍ ስር ልጠለል ስሮጥ እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ መብረቅ አለ፣ ከዛፍ ስር ውጣ!» ብለው ጮኹብኝ። እሳቸው በነጠላ፣ እኔ በስስ ቲሸርት። ከ3,000 ሜትር በላይ መሆናችንን አጥንቴ ነገረኝ።

ጫማችን ጭቃ ጠጥቶ፣ እየተንቀጠቀጥን ወረድን። አራት ኪሎ ስንደርስ? መሬቱ ደረቅ! ጠብ አላለም። ማኪያቶ ያቀረበችልን ልጅ «ዋና ነበራችሁ እንዴ?» አለችን። ጓደኛዬ እስካሁን «ደመናው» እያለች ትስቅብኛለች።