ጀሪካን ላይ የበቀለ ቆስጣ

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም በረንዳችን ላይ፣ ቆራሌው ተሰንጥቀዋል ብሎ የተዋቸውን ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካኖች ወገባቸው ላይ ቆርጬ፣ ውሃ እንዳይቋጥሩም ሥራቸውን በጋለ ምስማር በስቼ የቆስጣ ችግኝ አዛወርሁባቸው። ከአፈሩ ጋር የደባለቅሁት ኮምፖስት ከድንች ልጣጭ፣ ከደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት፣ ከቡና አተላና ከተቀዳደደ ካርቶን ለወራት የተብላላ ነው፤ ካርቶኑ ተራ ነገር ቢመስልም፣ ትርፍ እርጥበት መጥጦ አየር የሚያስገባውና ሽታ የሚከላከለው እርሱ ነው። ሥጋና ዘይት የነካው ትርፍራፊ አይጥ ስለሚጠራ አይጨመርም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ከቀጠፈ ወዲህ፣ ልጣጭ በፌስታል ቋጥሮ መጣል ይከብደኛል። ጎረቤታችን እትዬ ግን «ዘይት ሲወደድ ጀሪካን ይተከላል እንዴ?» ብለው ስቀውብኛል፤ የቡናቸውን አተላ ለመስጠት ግን አላመነቱም።