ደንቆሮ ጫካ፣ ጭላዳውና ገብሱ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከደሴ ተነስተን በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ስንደርስ አባዱላው ወገባችንን ቆራርጦት ነበር። በነጋታው ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ይዘን ወደ ደንቆሮ ጫካ ወጣን። የቦረና ሳይንት ፓርክ ማለት ይሄው ጫካ ነው።

ታች ጥድ አለ፣ ጉሬዛም እዚያው ነው። ከፍ ሲሉ አስታ፣ ከዚያ ጅብራና ሣር። ቀይ ቀበሮ ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ አልቀናንም። ጭላዳ ዝንጀሮ ግን በሽ ነው።

አንዱን ወንድ ሲበላ በደንብ አየሁት። ሣሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቀንጠስ ቀንጠስ ያደርጋል፣ ያውም በሁለቱም እጁ። እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ። ብድግ ማለት የለም፤ ወደሚቀጥለው ሣር በቂጡ ይንፏቀቃል። ጠጋ ስል የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየኝ። ገባኝ፣ ወደ ኋላ አልኩ።

ከዝንጀሮ ዘመዶቹ ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተው እሱ ብቻ ነው። በዱር የሚገኘውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ማታ ገደል ላይ ያድራል፣ ቀን ሜዳው ላይ ይግጣል። ሜዳው ሲታረስ ታዲያ ወዴት ይሂድ? ገብሱ ውስጥ ይገባል።

ከፓርኩ ዳር ባና የደረቡ አዛውንት አገኘን። ቆሎ ሰጡን። ገብሱ ሲያሸት ልጃቸው ወንጭፍ ይዞ ማሳ ሲጠብቅ እንደሚውል ነገሩን። ትምህርት ቤትማ ይቀራል።

እኔም የሩዋንዳን ነገር አነሳሁባቸው። የተራራ ጎሪላ ሊጠፋ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2018 ግን ቁጥሩ ከ1,000 ማለፉ ተነገረ። ሩዋንዳ ውስጥ ጎሪላ ለማየት የውጭ አገር ሰው 1,500 ዶላር ይከፍላል። ከፓርኮቹ የቱሪዝም ገቢ 10 በመቶው ደግሞ ለአካባቢው ሰው ይመደባል። ለእኔ ከጥበቃው ሁሉ ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው።

«ይህን ሁሉ ብር? ለማየት ብቻ?» አሉ። «እኛ በነጻ ስናበላ ኖርን እንጂ!»

ስካውቱ በሳቅ ፈረሰ። «እና ምን ይደረግ ይላሉ፣ አባባ?»

«ለማሳው ጠባቂ ቅጠሩልን። ልጁ ይማርበት።»

«ደመወዙን ማን ይከፍላል?»

«ይኸው፣ ሊያይ የመጣው» አሉና ወደ እኔ ጠቆሙ።